የቀትር ባለቤቶች

ደሴ ውስጥ ሠርግ በተጠራሁ ቁጥር ልጆቼ የሚሳቀቁበት አንድ ጠባይ አለኝ። ሙሽሮቹ ወጥተው፣ እንግዳው ተበትኖ፣ አስተናጋጆቹ ወንበር መደራረብ ሲጀምሩ፣ እኔ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ ሰው አንዴ ተጎንጭቶ የተወውን የታሸገ ውሃ ሰብስቤ ባልዲ ውስጥ እገለብጣለሁ። ትልቋ ልጄ "እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?" እያለች ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትስባለች፤ ትንሹ ደግሞ "ተያት፣ እርሻዋን ልታጠጣ ነው" ይላል። ሰው የሚለውንማ አውቃለሁ። ባለፈው ጥር አንዲት የሙሽራው አክስት "ምስኪን፣ ከብት አላት መሰለኝ" ብላ ስታዝንልኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከብት የለኝም፤ ያለችኝ በግቢዬ ጥግ የተከልኳት አንዲት የወይራ ችግኝ ናት።

ከዚያ ሠርግ እንደተመለስኩ የሠርግ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ባልዲውን ወስጄ ችግኟ ሥር ደፋሁት። በጋው ጠንክሮ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ውሃው ሲነካው እፍ አለና ያ ሽታ ተነሣ። ደረቅ አፈር ውሃ ሲጠጣ የሚሰጠውን ሽታ የማይወድ ሰው አላውቅም፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ከመውደዴ ቀድሞ ጀርባዬን አንድ ነገር ቅዝቅዝ ያደርገኛል፤ ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል፣ ዞር ብዬ ማየት እፈልጋለሁ፣ ግን አልዞርም። በልጅነቴ ይህ ሽታ ሲመጣ ጀርባ ሰጥቶ፣ ዞሮ ሳያዩ መሄድ ነው የተማርኩት።

የተወለድኩት ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር ነው። ከመንደሩ ቁልቁል፣ ገደሉ ሊጀምር ሲል፣ ባረጀ ወይራ ሥር አንዲት ምንጭ ነበረች። ስም ይኑራት አይኑራት አላውቅም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚጠራት "እሜቴ" እያለ ነበር። አንቱታውም የምር ነበር። "እሜቴ ዛሬ አነስ ብለዋል" ይባላል፣ "እሜቴን አታደፍርሷቸው" ይባላል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ "እሜቴ ጠገቡ" ይባላል። አባቴን አንተ እያልኩ ያደግኩ ልጅ፣ ውሃን ግን አንቱ ነበር የምለው።

የእሜቴ ሕግ ብዙ ነው። ቀጂ መጀመሪያ የሞላችውን ቅል መልሳ ለምንጯ ታፈሳለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ለእንስራዋ የምትቀዳው። እግር እዚያ አይታጠብም፣ ልብስ አይለቀለቅም፣ በውሃው ላይ እየጮኹ አይጣሉም። መንገድ ላይ እንስራዋን የሰበረች ልጅ ከሸክላው ይልቅ በውሃው ነበር የምትገረፈው። ከሁሉ የከበደው ግን የቀትር ሕግ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች ጀምሮ ጥላ ወደ ምሥራቅ ዘንበል እስኪል ድረስ ማንም ሰው ወደ ምንጯ ድርሽ አይልም፤ ያ ሰዓት የባለቤቶቹ ነው። ባለቤቶቹን እስላሞቹ ጂን፣ እኛ ጋኔን ልንላቸው እንችል ነበር፤ ግን ስማቸውን ከጠሩት ይመጣሉ ስለሚባል ሁላችንም "ባለቤቶቹ" እያልን በጋራ እንፈራቸው ነበር። ተረከዛቸው ወደፊት፣ ጣታቸው ወደኋላ ነው ይባላል። በቀትር ያያቸው ሰው አፉ ይጣመማል።

በወር አንድ ጊዜ ለእነሱ ግብር ይወጣል። ተረኛዋ ሴት በገበቴ ንፍሮ ወይም ቆሎ ይዛ ከቀትር በፊት ትወርድና ከምንጯ አጠገብ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ ዞራ ሳታይ ትመለሳለች። የመንደራችን ቄስ ይህን ግብር "የአጋንንት ማዕድ" እያሉ ሲያወግዙት፣ ሚስታቸው ግን ተራዋን አንድም ቀን ዘላ አታውቅም። ጥላው ዘንበል ሲል ገበቴው ወፍ ከነካካው በቀር እንደሞላ ይመለሳል፤ ባለቤቶቹ የሚበሉት ሽታውን ነው ይባል ስለነበር፣ የተረፈውን በረከት ብለው ለእኛ ለልጆች ያካፍሉናል። በበኩሌ ከባለቤቶቹ ጋር በዚህ በኩል ቅሬታ አልነበረኝም።

የውሃ አባታችን ሼህ ይመር ነበሩ። የውሃ አባት ማለት ተራ የሚያስይዝ፣ በውሃ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ውሃው ሲያንስ ለየቤቱ የሚደርሰውን የሚወስን ሰው ነው፤ የሚመረጠውም አያዳላም ተብሎ ነው። ጠዋት ጠዋት በወይራው ጥላ ልጆች ቁርዓን ያስቀራሉ፤ እኛ የክርስቲያን ልጆች ከኋላ ቆመን ተራ ስንጠብቅ አብረን ስለምናዜም፣ እናቴ አንድ ቀን ቤት ስጠርግ "አሊፍ፣ ባ፣ ታ" ስል ሰምታኝ ሦስት ጊዜ አማትባለች። ቀትር ሲቃረብ ሼሁ ተማሪዎቻቸውን ይበትናሉ፣ የመጨረሻዋን ቀጂ ይሸኛሉ፣ ከዚያ በዱላቸው ድንጋዩን መታ መታ አድርገው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ በቀስታ "ባለቤቶቹ፣ ተራችሁ ነው" ብለው ዳገቱን ይወጣሉ።

ከዚያ ያ የስልሳ ስድስቱ ክፉ ቀን መጣ። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱ መጥቶ ሳይመጣ አለፈ፣ ሌላውም በልግ ቀረ። የእኛ ደጋ ከቆላው ይሻል ነበር የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። እኔ የማስታውሰው ጠዋት ተነሥቼ ደመና ፍለጋ ሰማይ ሰማይ ሳይ የሚያመኝን አንገቴን ነው። እሜቴ በየቀኑ ሸሹ። ድሮ እስከ ጉልበት የሚደርሰው ኩሬያቸው ቁርጭምጭሚት ደረሰ፤ እንስራ ጎኑ ተጋድሞ በቅል እየተጨለፈ መሞላት ጀመረ።

አንድ ማለዳ አባቴ ከምንጯ ተመልሶ ደጃፍ ላይ ቆመና "እሜቴ ከደረቁ፣ ዓባይን ተሻግረን ጎጃም ነው" አለ። የመለሰችለት አብራን የምትኖረው ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ብርቄ ናት። አክስቴ ባሏ ሞቶባት፣ አንድ ልጇን ኩፍኝ ወስዶባት፣ እሱንም እዚያው ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ቀብራለች። "እኔ ልጄን ብቻውን ጥዬ የትም አልሄድም፣ ወላሂ" አለች። ቅዳሴ የማታስታጉል ሴት ሆና ስትምል ሁልጊዜ ወላሂ ነበር የምትለው፤ አገሩ እንዲያ ነው። አባቴም "ሬሳ ለመጠበቅ ሬሳ ልትሆኚ ነው?" ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የሚያውቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ እሜቴ ይቆያሉ ወይስ ይደርቃሉ።

በዚያው ሰሞን ከወረኢሉ ወዲያ ከቆላው የተነሡ ስደተኞች በመንደራችን በኩል ማለፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ውሃ ሰጠናቸው፤ ለጠማው ውሃ የሚከለክል ሰው በሁለቱም ሃይማኖት ወዮለት። አንድ ቀን ግን ብዙ ሆነው መጡና ኩሬውን እስከ ጭቃው ጠጡት፤ እነሱ ከሄዱ በኋላም ንዳድ በየቤቱ ገብቶ ስንት ሕፃን ጨረሰ። ሽማግሌዎቹ ወይራው ሥር ተሰብስበው ሁለት ነገር ወሰኑ። ግብሩ በወር መሆኑ ቀርቶ በየቀኑ ይሁን፣ ባለቤቶቹ ተቀይመው ይሆናል አሉ። ሁለተኛው፣ ከእንግዲህ ለእንግዳ ውሃ የለም፤ የሰጠ ቤት ከተራ ይወጣል። ከተራ መውጣት በዚያ ዓመት መሞት ማለት ነው። ሼህ ይመር "ውሃ መከልከል ሐራም ነው፣ ጎበዝ" ብለው ተከራከሩ፤ ተሸነፉ። እንዲምሉ ሲገደዱ "ውሃው በእኔ እጅ ባለበት ሰዓት ለእንግዳ አልሰጥም" ብለው ማሉ። ሁሉም ረክቶ ተበተነ።

ባለቤቶቹ መብላት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ተረኛዋ ሴት ገበቴውን ልታመጣ ወርዳ እየጮኸች ዳገቱን ወጣች። ገበቴው ባዶ ነበር። ባዶ ብቻ አይደለም፣ ታጥቧል፤ ታጥቦም ድንጋዩ ላይ ተገልብጧል። ዝንጀሮ በልቶት ይሆናል ያለ ሰው ነበር፤ "ዝንጀሮ ዕቃ ሲያጥብ አይተህ ታውቃለህ?" ተባለ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፣ በሠልስቱም። መንደሩ ግማሽ በደስታ ግማሽ በፍርሃት ተናጠ። ትልልቆቹ ግብራችን ተወደደልን አሉ፤ እኛ ልጆች ግን በረከታችን ስለቀረብን የምንደሰትበት ምክንያት አልታየንም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ምልክት መጣ። ጥላው ዘንበል ሲል የሚወርዱት ቀጂዎች ኩሬውን በለምለም የወይራ ቅርንጫፍ ተሸፍኖ አገኙት፤ ቅጠሉን ሲያነሡት ውሃው ፀሐይ እንዳልነካው ቀዝቃዛ ነው፣ ከጠዋቱም አልጎደለም። ሌላ ቀን ደግሞ ውሃ ሲያባክን የኖረው የኩሬው ስንጥቅ በእበትና በሸክላ አፈር ተለስኖ፣ ልስኑም ገና እርጥብ ሆኖ ተገኘ። የተለሰነበት ላይ የጣት ምልክት ነበረ፤ ቀጫጭን፣ ረጃጅም ጣቶች። እሜቴ መሸሻቸውን ተዉ። አልጨመሩም፣ ግን አልቀነሱም፤ አባቴም ስለ ጎጃም ማውራቱን አቆመ።

ጭቃው ላይ ዳና ነበር። እኛ ልጆች ተንበርክከን ተረከዙ ወዴት እንደሆነ ስንከራከር ዋልን፤ ተረከዙ ወደ ገደሉ ካዞረ እየመጡ ነው፣ ወደ መንደሩ ካዞረ እየሄዱ ነው፣ እግራቸው የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል። አንዱ ዳና ከእኔ እግር ያንስ ነበር። "ጂን ልጅ ይወልዳል እንዴ?" ብላ አንዲት ጓደኛችን ጠየቀች። ያን ጊዜ ሁላችንም ተነሥተን ሮጥን፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የጂን ልጅ ከጂን ይልቅ ያስፈራ ነበር። ሼህ ይመርም ተለወጡ። ድሮ በቀስታ ይሏት የነበረችውን "ባለቤቶቹ፣ ተራችሁ ነው"፣ አሁን ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ገደሉ እስኪያስተጋባ ይጣሩ ጀመር። መንደር ተቀምጠን እንሰማዋለን። ተራችሁ ነው፣ ይላሉ ሼሁ፤ ተራችሁ ነው፣ ይላል ገደሉ።

ተራው የእኛ ቤት በደረሰ ቀን እናቴ ንዳድ ይዟት ስለነበር ግብሩን ያደረሰችው አክስቴ ብርቄ ናት፤ ግብር ብቻውን አይሄድም ተብሎ እኔ አብሬያት ወረድኩ። ወፍ አልነበረም፣ ነፋስም አልነበረም። ጥላችን እግራችን ሥር ተጠቅልሎ ገብቷል። አክስቴ ገበቴውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና እጄን ይዛ ዞርን፤ ከኋላችን ውሃ የነካው አፈር ሽታ መጣ፣ አሁን የተለሰነ ጭቃ ሽታ። ጥቂት እንደሄድን ሳል ሰማሁ። የልጅ ሳል ነው። ደረቅ፣ ተከታታይ፣ በመጨረሻም አንድ ሰው አፉን በእጁ እንደያዘው ታፍኖ የቀረ።

አክስቴ ቀጥ አለች። አልዞረችም። እኔ አፌ መጣመም የጀመረ መስሎኝ በሌላው እጄ ከንፈሬን እዳስሳለሁ።

"ይሄ ሳል ማር ይፈልጋል" አለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

"አክስቴ፣ ባለቤቶቹን ያስላቸዋል?"

"ሂጂ። ዝም ብለሽ ሂጂ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ አክስቴ የሰው ሁሉ ተራ ለምና ትወስድ ጀመር። ሴቶቹ በደስታ ሰጧት፤ ለራሳቸው የሌላቸውን ለባለቤቶቹ ከየት ያምጡ? እሷም ለእራት የሚደርሳትን ጥሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታሳድርና ጠዋት ገበቴ ውስጥ ትጨምረዋለች። ለመድኃኒት ብላ ስንት ዓመት ያስቀመጠቻት የማር ማድጋም ባዶዋን ተገኘች። አባቴ "ይህች ሴት ጋኔን ተጠግቷታል" እያለ ይነጫነጫል፤ አልጮኸባትም ግን፣ ምክንያቱም ኩሬው በየቀኑ ቀዝቅዞ፣ ተሸፍኖ ይገኝ ነበር።

በመጨረሻ ንዳዱ አክስቴንም ጣላት። አእምሮዋን ስታ በሰነበተችባቸው ቀናት ግብሩ ወደየተረኛው ተመለሰ፤ አንዷ ጥቂት ፍሬ ባቄላ አደረገች፣ ሌላዋ ከፍርሃቱ ረሃቡ በልጦባት ሳትወርድ ቀረች፣ የእሷን ያየችውም ቀረች። የፈረደባቸው የለም። በዚያ ሰሞን የገዛ ልጁን በረሃብ የቀበረ ቤት ለጂን ንፍሮ አልቀቀልክም ተብሎ ምን ይባላል? አክስቴ አልጋ ላይ ሆና "ወረዱ? አወረዱላቸው?" እያለች ትጠይቃለች፤ እናቴም እንድታርፍላት ብላ "ወርደዋል፣ አብሽሪ" ትላታለች።

መቆም እንደቻለች የመጀመሪያ ሥራዋ ለዘር ተብሎ ከተቀመጠው ባቄላ ሰርቃ መቀቀል ነበር። ገበቴውን እስከ አፉ ሞላችው። ተደግፋኝ ወረድን፤ አስቀመጥን፤ ሳንዞር ወጣን፤ ጥላው ዘንበል እስኪል ከመንደሩ ጫፍ ተቀምጣ ከንፈሯን ስትነክስ ቆየች። ተመልሰን ስንወርድ ገበቴው እንዳስቀመጥነው ሙሉውን ነበር። ኩሬው ላይ ያለው ቅጠል የሰነበተ ነው፤ ደርቆ ተጠቅልሏል፣ ፀሐዩ በመሃሉ ገብቶ ውሃው ላይ ያበራል። ለስንት ጊዜ ያየሁት ቦታ ነው፣ ያን ቀን ግን የሆነ ሰው ወጥቶ በሩን ክፍት የተወው ቤት መሰለኝ።

አክስቴ ከወይራው በስተጀርባ ወደ ገደሉ የሚወስደውን መንገድ አየች። ወደዚያ ሄዶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። "ገበቴውን ይዘሽ ውጪ" አለችኝ። "ለልጆቹ አካፍይ።"

አካፈልኩ። የመንደሩ ልጆች ሁሉ መጡ፤ ከስንት ወር በኋላ በረከቱ ተመልሶልናል፣ ያውም ሙሉ ገበቴ። አጥሩ ሥር ተኮልኩለን በላን፣ ጣታችንን ላስን፣ ገበቴውን ላስን። እንደዚያ የጣፈጠ ባቄላ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልበላሁም። አንድ ልጅ ከደስታው ብዛት ዘፈነ። እናቶቻችን ግን ባለቤቶቹ ግብራችንን መለሱብን ብለው በፍርሃት በየበራቸው ቆመው ሲያዩን አስታውሳለሁ።

አክስቴ የተመለሰችው ፀሐይ ስታቆለቁል ነው። የሼህ ይመርን ዶማ ይዛለች፣ ጥፍሯ ውስጥ አፈር ገብቷል። ሥር ስቆፍር ዋልኩ አለች፤ በዚያ ዓመት ሥር የማይቆፍር ሰው ስላልነበር ማንም አልጠየቃትም። አባቴን ብቻ "ከነገ ጀምሮ ቀትር ሳይደርስ ኩሬውን የምንሸፍነው እኛ ነን፤ ባለቤቶቹ ካሳዩን አይበቃም?" አለችው። እሷና ሼሁ በየቀኑ ቅጠል እየቆረጡ ሸፈኑት፣ ልስኑ ሲሰነጠቅ ለሰኑት። እሜቴ ሳይደርቁ ክረምቱ ገባ። ጎጃምም አልተሻገርን።

ዝናቡ በወረደ ቀን ሰው እየተቃቀፈ አለቀሰ፤ "ባለቤቶቹ ጠግበው ሄዱ፣ ዝናቡንም ላኩልን" እየተባለ ከየቤቱ የተገኘው ሁሉ ተዋጥቶ ለምስጋና ወይራው ሥር ተበላ። አክስቴ ከሁሉም በላይ አለቀሰች፤ ሰው ደስታ መሰለው።

ክረምቱ ወጣ ሲል ንጉሡ ወረዱ የሚለው ወሬ ከመካነ ሰላም ገበያ ደረሰን። ከዚያ መሬት ለአራሹ መጣ፣ ማኅበር መጣ፣ ዘማቾች መጡ፤ የውሃ አባትነትም ቀርቶ ኮሚቴ ሆነ። ወጣቶቹ በቀትር ወርደው ጠጡ፣ አፋቸውም አልተጣመመም። "ጋኔን የለም" ሲሉ አክስቴ "እውነታቸውን ነው፣ የለም" ትል ነበር፤ እሷ እንዲህ በማለቷ ሰው ሁሉ ሲደነቅ አስታውሳለሁ። ጋኔን ከሌለ ታዲያ ቅጠሉ ለማን ይቆረጣል? የመጀመሪያው ቅል ለማን ይመለሳል? ቀስ በቀስ ሁሉም ቀረ። አንድ ጊዜ ሄጄ ሳይ እሜቴ በሲሚንቶ ሳጥን ታሽገው ቧንቧ ወጥቶላቸው ነበር፤ ሌላ ጊዜ ስሄድ ቧንቧው ዝጎ፣ ወይራው ተቆርጦ፣ ሴቶቹ በፕላስቲክ ጄሪካን ከገደሉ ሥር ከወንዝ ይቀዱ ነበር። አንቺ ስትባል ነው የሰማኋት፣ "ያቺ የደረቀችው" ተብላ። ውሃው መጥፋቱ ያሳዝነኛል፤ ግን ይበልጥ የሚቆጨኝ ያ ሰዓት ነው። ድሃ መንደር፣ በጠማው ዓመት እንኳ፣ ከቀኑ መካከል አንዱን ሰዓት ቆርሶ ለማያውቀው ይተው ነበር። አሁን እንደዚያ ያለ ሰዓት ያለው አገር የት እንዳለ አላውቅም።

እውነቱን የሰማሁት አክስቴ አርጅታ ደሴ እኔ ቤት ስትጦር ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ሳልጠይቃት ጀመረችው። ከገደሉ ዋሻ ውስጥ ያገኘቻቸው ሁለት ናቸው፤ አንዲት ሴት እና አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ነበር። ሁለቱም ከሞቱ ሰንብተዋል። አጠገባቸው ያልተለሰነበት የሸክላ አፈር በቁና ተቦክቶ ደርቋል። አክስቴ ጮኸች፤ ጩኸቷን ሰምተው የደረሱት ሼህ ይመር ናቸው፣ ሲያዩም አልደነገጡም፤ ተቀመጡና ጥምጣማቸውን ፈትተው ፊታቸውን ሸፈኑ።

"ሼሁ፣ ያውቁ ነበር" አለቻቸው።

"ከመሐላው ማግስት ጀምሮ። በቀትር ውሃው በእጄ አይደለም፣ ብርቄ። የባለቤቶቹ ነው። ሰዓቱን አሳየኋት፣ ሌላ ምንም አላልኳት።"

"ስሟስ? የልጁስ ስም?"

"አልጠየቅኩም። ስሟን ባውቅ እንግዳ ትሆንብኛለች፤ እንግዳ ከሆነች መሐላው ይይዘኛል። ባለቤት ሆና እንድትጠጣ ብዬ ሳላውቃት ቀረሁ።"

በሁለቱም አንገት ማተብም ክታብም አልነበረም። ስለዚህ ሼሁ በራሳቸው ዱዓ አደረጉ፣ አክስቴ በራሷ አባታችን ሆይ አለች፣ ተጋግዘው ከዋሻው በራፍ ቀበሯቸው። ለአክስቴ ግን አልበቃትም፤ ፍትሐት ካልተፈታላቸው አይሆንልኝም አለች።

"ለቄሱ ማን ብዬ ልስጣቸው?"

ሼሁ "የውሃው ባለቤቶች በያቸው" አሏት፤ "ሌላ ስም የላቸውም።"

ሄደች፤ እንዲሁም አለች። ቄሱ አንዲት ክርስቲያን ሴት መጥታ ለጋኔን ፍትሐት ፍቱልኝ ስትላቸው ምን ይበሉ? መስቀላቸውን አንሥተው አባረሯት፤ ማግስቱን ደግሞ አስጠርተው ንስሐ ሰጧት፤ ስንት ቀን እየጾመች ስንትና ስንት ስግደት። ለማስረዳት ሞክራ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ብነግራቸው ሼሁ መሐላ አፈረሱ ይባላል፣ እኛም ከተራ እንወጣለን" አለችና ለብዙ ጊዜ ያላየሁትን ሳቋን ሳቀች። "ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ከንዳድ ገና መነሣቴ ነበር፣ ግን አንዱንም አልዘለልኩም። ለኃጢአቴ እንዳይመስልሽ ልጄ። ግማሹን ለእናትየው፣ ግማሹን ለልጁ ነው የሰገድኩት።"